ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ

አስረሳሽ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ወደሚገኘው የሉባባ ቅመማ ቅመም ሱቅ ስትገባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። «ተቀመጪ» ብትባልም አልተቀመጠችም።

«ኢንስፔክተር፣ ወንድሜ ኃይለመለኮት ትናንት ሞተ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይቀበራል። ራሱን ነው ያጠፋው ስለተባለ ቀሲስ ወርቁ ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሳይፈታ አፈር አላለብሰውም። እውነት ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝና አፌን እዘጋለሁ።»

ሉባባ ሚዛኗን ወደ ጎን ገፋች። አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰነድ መርማሪ ነበረች። ሐሰተኛ ቼክ፣ ሐሰተኛ ዲፕሎማ፣ ሐሰተኛ ኑዛዜ ሁሉ በእጇ አልፏል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ያተረፈችው የተጻፈ ነገርን ያለማመን አመል ብቻ ነው፤ ጸሐፊዎቹንማ ከናቀቻቸው ቆይታለች። ባሏን ተከትላ ጁባ መጣች፣ ባሏ ሞተ፣ ሱቁ ቀረላት። ማዕረጓ ግን ከስሟ ሊለቅ አልቻለም።

«ደብዳቤ ትቷል?»

«ኮምፒዩተሩ ላይ።»

«በእጁ የጻፈው የለም?»

«የለም።»

ሉባባ ነጠላዋን ከሚስማር ላይ አውርዳ ሱቁን ዘጋች።

ኃይለመለኮት የሞተበት የአቶ ወልደጊዮርጊስ ሆቴል አትላባራ ሰፈር ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ቅዳሜ! የነፃ ሶፍትዌር ቀን! ነፃ መግቢያ! ነፃ ሥልጠና! ነፃነት ለሁሉም!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ዝግጅቱ ማንም ሰው ሊወስደው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሕዝብ ለማስተዋወቅ የታሰበ ነው። የትኛው ነፃ የነፃነት፣ የትኛው ነፃ ያለ ክፍያ እንደሆነ ግን ባነሩን ያሠሩትም የሚያውቁ አይመስልም። ሕዝቡ በበኩሉ የገባውን ገብቶታል፤ ከተመዘገቡት ሁለት መቶ ሰዎች አብዛኞቹ ደውለው የጠየቁት «ምሳም ነፃ ነው ወይ?» ብለው ነው።

ጁባ ላይ ሁለት ሐበሻ ከተገናኘ ዕድር ያቋቁማል፤ ሦስት ከሆነ ኮሚቴ። ኮሚቴ ካለ ሊቀመንበር አለ፣ ሊቀመንበር ካለ ማይክራፎን አለ። ኃይለመለኮትም የነበረበት የዚህ ዝግጅት ኮሚቴ ሊቀመንበር በዕውቀቱ ይባላል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እንኳን መጡልን ኢንስፔክተር። እንግዲህ ወንድማችን የመጨረሻ ቃሉ ዝግጅቱ እንዳይቀር ነው። ኑዛዜውን ማክበር አለብን። ከናይሮቢ እንግዶች እየመጡ ነው፤ ለአካባቢው አስተባባሪ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው።»

«ማንን ሊመርጡ?» አለች ሉባባ።

በዕውቀቱ ትሑት ለመሆን ሞከረ። አልተሳካለትም። «የሚመርጡትማ እነሱ ናቸው» አለ።

ከአዳራሹ ጀርባ የሚቆለፍ በር ያለው ትንሽ ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ አንዲት መስኮቷ የተዘጋ የዕቃ ክፍል አለች። ኃይለመለኮት የሞተው እዚያ ነው። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው፤ ፍራሹ፣ ወንበሩ፣ ወንበሩ ላይ የነበረው ላፕቶፕ ግን አልተነሱም። በፍራሹና በበሩ መካከል ለአዳራሹ መብራት የሚሰጠው የኮሚቴው ጄኔሬተር ተገትሯል። ካፒቴን ኦሞት በሩ ጥላ ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጋምቤላ ያደገ የደቡብ ሱዳን ፖሊስ ነው፤ አማርኛው ከብዙ አዲስ አበቤ ይሻላል።

«ጭሱ ነው የገደለው» አለ ካፒቴኑ። «ጄኔሬተር ውጭ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር። ወደ ውስጥ አስገባው፣ በር ዘጋ፣ ተኛ። ደብዳቤም አለ። ከላስ፣ አለቀ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ምን ልጨምር?»

«ይህን ጄኔሬተር ብቻህን አውጥተህ መልሰው እስቲ።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ያዘው። ጎማው ይንከባለላል፤ ደጁ ላይ ካሉት ሁለት ደረጃዎች ሲደርስ ግን እስኪያቃስት ድረስ ነው ያነሳው።

«ሟቹ ታምሞ ነበር?» አለች ሉባባ።

«ወባ። ሦስት ቀን ሆኖታል። መድኃኒቱ ያደነዝዘው ነበር አሉ። ምሳ በልቶ በየቀኑ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት እዚህ ይተኛል። ጄኔሬተር ከጆሮው ሥር እየጮኸ ይተኛል፤ ለምዶታል።»

«በወባ ሦስት ቀን የተኛ ሰው አንተን ያስቃሰተህን ብረት ሁለት ደረጃ አውጥቶ ገባ?»

ካፒቴኑ ወደ ወንበሩ ሄደ። ላፕቶፑን ከፍቶ አቀበላት። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ኑሮ ሰልችቶኛል፡፡ በሞቴ ማንም አይጠየቅ፡፡ ዝግጅቱ እንዳይቀር፡፡ በዕውቀቱ እንደ ጀመረው ይጨርሰው፡፡ ኃይለመለኮት፡፡»

ሉባባ መነጽሯን አድርጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈተችና በዚያው ላፕቶፕ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብላ ጻፈች። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ነካችው። የወጣውን አየች፤ ደገመችው፤ እንደገና አየች። ከዚያ አጠፋችው።

«ትናንት በምሳ ሰዓት ይህ ግቢ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«የሆቴሉ ሠራተኞች ፊት ለፊት ምሳ ያቀርባሉ። ከሟቹ ሌላ የዚህ ግቢ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባለ ሆቴሉና ሦስት የኮሚቴ ሰዎች።»

መጀመሪያ የመጡት አቶ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ሆዳቸውን አስቀድመው ገቡ።

«እኔ አዳራሽ ሰጠሁ እንጂ ሌላ ነገር አላውቅም፣ ወይዘሮ ሉባባ። ሶፍት ምናምን የሚሉት ነገር አይገባኝም። ኮምፒዩተር ነክቼም አላውቅ። በነፃ ነው ያሉኝ፤ ለካ በነፃ የሚሰጠው የእኔ አዳራሽ ኖሯል።»

«ለሆቴሉ መጥፎ ስም ሆነብዎት።»

«ሰው ሞቶ ስለ ሆቴሌ ላወራ አልችልም» አሉና ወዲያው ስለ ሆቴላቸው አወሩ። ሁለት ክፍል የያዙ እንግዶች ለቀው ሄደዋል። ሉባባ ሰልችቷት እስክትነሳ አላቆሙም።

ሒሩት ዓይኗ አብጦ ነበር። በዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ የኮሚቴው ማስታወቂያ ሁሉ የሚወጣው በእሷ እጅ ነው።

«ሳይነሳ ሲቆይ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ልቀሰቅሰው ሄድኩ። በሩን ስከፍተው ጭሱ ፊቴን መታኝ። ጌታ ያውቃል፣ እንደ ተኛ ነበር የሚመስለው።»

«ከዚያ በፊት የተለየ ነገር አላየሽም?»

«አዳራሹ ውስጥ ቲሸርት ሳጥፍ ቬንቲሌተሩ ቆመ። አምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ተመልሶ ዞረ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ሰባት ሰዓት ከሩብ።»

«ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ቦታው ሲቀየር» አለች ሉባባ፤ ለራሷ ይመስል ነበር። «ኃይለመለኮት ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«የሚያናድድ!» አለች ሒሩትና አለቀሰች። «አንድ ፊደል ከሳትኩ ማስታወቂያውን ያስመልሰኛል። ኮምፒዩተሬን አምና ወስዶ ጠርጎ፣ የራሱን የአማርኛ መጻፊያ ጭኖ መለሰልኝ። ‹ክራክ የተደረገ፣ የተሰረቀ ፕሮግራም ይዘሽ ስለ ነፃ ሶፍትዌር ማውራት ነውር ነው› ይላል። ሁላችንንም እንዲህ ነው የሚያደርገን።»

«ሁላችሁንም?»

«በዕውቀቱ የራሱን አላስነካም። ጊዜ የለኝም ይል ነበር።»

ተሾመ ካቶር ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ትናንት ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በቅዳሜው ፕሮግራም ነው። የመጨረሻውን ሰዓት ለራሱ ያዘ። ‹የአንድን ሥራ ታሪክ ማንበብ› የሚል ርዕስ ሰጠው። እንግዶች ፊት ባታደርገው አልኩት። እምቢ አለ።»

«የአንድ ሥራ ታሪክ ማለት ምንድን ነው?»

ተሾመ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ ነፃ ሶፍትዌር ላይ ማን ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደሠራ፣ እያንዳንዱ መስመር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ማንም ሊወስደው ይችላል። ሊለውጠው ይችላል። የሠራውን ሰው ስም መፋቅ ብቻ አይፈቀድም። ኃይለመለኮት ደብዳቤና ሒሳብ የሚሠራበትን የቢሮ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ ወደ አማርኛ ተርጉሞታል፤ አራት ሺህ ምናምን መስመር ነው። ቅዳሜ የሚታደለው እሱ ነው።»

ሉባባ ጠረጴዛው ላይ ካለው የፕሮግራም ወረቀት አንዱን አነሳች። «እዚህ ‹ትርጉም፦ በዕውቀቱ› ይላል።»

«ይላል» አለ ተሾመ።

«ታሪኩን አሳየኝ።»

አሳያት። ሉባባ ዝርዝሩ ላይ ጣቷን እየጎተተች ረጅም ጊዜ አነበበች። ሲጨርሱ አንድ ሌላ ነገር ጠየቀችው፤ የደብዳቤውን ፋይል ምንጭ እንዲያይላት ነው። ተሾመ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «አሁን ሁላችሁም ትናንት በምሳ ሰዓት የት እንደነበራችሁ አንድ ገጽ ጻፉልኝ። እንደለመዳችሁት ጻፉ።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ በእስክሪብቶ ጻፉ። ሒሩት በኮምፒዩተሯ ጻፈች። ተሾመ በስልኩ ጻፈ፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፈው፤ በግዕዝ ፊደል መተየብ ፈጽሞ አይችልም። በዕውቀቱ ላፕቶፑ ሎሎጎ ሰፈር ካለው ቤቱ እንደተበላሸበት ተናግሮ ከኮሚቴው ኮምፒዩተሮች በአንዱ ጻፈ። ኃይለመለኮት የጫነው ኮምፒዩተር ነው። ሦስት ገጽ ሞላ፤ ስለ ትናንቱ የተናገረው ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን የቀረው ስለ ራዕዩ ነው።

ሉባባ ሦስቱንም ገጽ አንብባ ወደ አቶ ወልደጊዮርጊስ ቢሮ ሄደች።

«አዳራሹን ሲጠይቁዎት ደብዳቤ ጽፈው ነበር?»

«ማኅተም ያለበት!» አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ። ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት። «ድርጅታችን ነፃ ሶፍትዌርን ለማስፋፋት በሚያደርገው ጥረት አዳራሽዎን በነፃ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን፡፡ ሊቀመንበር በዕውቀቱ፡፡» ሉባባ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀሲስ ወርቁን አስጠራች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ቀሲስ ወርቁ መስቀላቸውን ይዘው ከአስረሳሽ አጠገብ ናቸው። ካፒቴን ኦሞት በሩን ይዟል። የኃይለመለኮት ላፕቶፕ ከሆቴሉ በተሳበ መብራት ከፕሮጀክተሩ ጋር ተያይዟል፤ ቅዳሜ ንግግር ሊደረግበት የተዘጋጀው ነጭ ግድግዳ ላይ ደብዳቤው በትልቁ ይታያል።

«ቀሲስ፣ ይህን የጻፈው ኃይለመለኮት አይደለም» አለች ሉባባ።

«አንድ ደቂቃ» አለ በዕውቀቱ ተነስቶ። «ኢንስፔክተር፣ ለሐዘንተኛ ባዶ ተስፋ መስጠት —»

«ቁጭ በል። ማይክራፎን አልተሰጠህም።»

ቁጭ አለ።

«የመጀመሪያው ነገር ብረቱ ነው» አለች ሉባባ። «ወባ የጣለው ሰው ይህን ጄኔሬተር ደረጃ አያስወጣም። ካፒቴኑ ሞክሮታል። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አዳራሹ ውስጥ ቬንቲሌተር ቆሟል። ያኔ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ተጎትቶ፣ ገብቶ እንደገና ተነስቷል። ኃይለመለኮት በዚያ ሰዓት በመድኃኒት ደንዝዞ ተኝቷል። ድምፁን ለምዶታል፤ አልነቃም። ሁላችሁም ይህን ታውቁ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ገድሎታል። ማን? ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እዩ። አራት ነጥብ ነው?»

ሁሉም ግድግዳውን አፍጥጠው አዩ።

«ነው» አሉ አቶ ወልደጊዮርጊስ።

«አይደለም። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ በመካከሉ ክፍተት አለ። ከአዲስ አበባ በፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገው የድሮ መጻፊያ ላይ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው። አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ይነካል፣ ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ይወጣለታል፣ አራት ነጥብ ጻፍኩ ብሎ ያልፋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የሐዘን መግለጫ፣ ሁሉ እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ። አሁን ይህን ተመልከቱ።»

በላፕቶፑ ላይ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብላ ጻፈችና ቁልፉን ሁለቴ ነካች። ግድግዳው ላይ «ዛሬ ሐሙስ ነው።» የሚል ታየ።

«የኃይለመለኮት መጻፊያ ሁለቱን ሁለት ነጥቦች ራሱ ወደ አራት ነጥብ ይለውጣቸዋል። እንዲህ አድርጎ የሠራው እሱ ነው። በዚህ ላፕቶፕ ያንን የተሳሳተ ነጥብ ልጻፍ ብል እንኳ አልችልም፤ ጠዋት ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው እዚህ አልተጻፈም። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተጽፎ በፍላሽ መጥቷል። ወባ የያዘው ሰው የራሱን ላፕቶፕ ትቶ በሰው ኮምፒዩተር ኑዛዜ ጽፎ ተሸክሞ ይመጣል?»

«ያሳዝናል» አለ በዕውቀቱ። «ሰው በነጥብ ሊከሰስ ነው።»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ታገሥ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ኮምፒዩተር አይነኩም። ተሾመ በግዕዝ ፊደል መተየብ አይችልም። የሒሩት ኮምፒዩተር አምና ተጠርጓል፤ እሱም እንደዚህ ላፕቶፕ አራት ነጥብ ብቻ ነው የሚያወጣው። አንድ ሰው ቀረ። ስለ ነፃ ሶፍትዌር ከተማውን ያደነቆረ፣ ራሱ ግን የተሰረቀ ፕሮግራም የሚጠቀም፣ ኮምፒዩተሬን አትንኩብኝ የሚል ሰው። ዛሬ ቃልህን በኃይለመለኮት መጻፊያ ስለጻፍክ ነጥብህ ተስተካክሎ ወጣ። አዳራሹን በነፃ ስትለምን የጻፍከው ግን ይኸው።» ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ነው።»

«ግማሽ ጁባ እንዲህ ነው የሚጽፈው!»

«ይጽፋል። ግማሽ ጁባ ግን የዚህ ግቢ ቁልፍ የለውም። ተሾመ፣ የጠየቅኩህን አሳየን።»

ተሾመ የደብዳቤው ፋይል ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ከፈተ። ሦስት መስመር ታየ። የተጻፈበት ቀን፦ ሰኞ። የተጻፈበት ፕሮግራም፦ ያው የተሰረቀው። ጸሐፊ፦ ሊቀመንበር በዕውቀቱ።

አቶ ወልደጊዮርጊስ «ወይኔ ሆቴሌ!» አሉ። ማንም አላያቸውም።

«ኮምፒዩተርህን ስትገዛ ስምህን ሙላ ሲልህ ማዕረግህን ጨምረህ ሞላህ» አለች ሉባባ። «ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው ፋይል ሁሉ ስምህን ይዞ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው አካባቢውን ሊያስተባብር ነበር። ተሾመ የሥራውን ታሪክም አሳይቶኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሺህ መስመር ላይ የኃይለመለኮት ስም ወጥቶ ያንተ ገብቷል። ኃይለመለኮት ያንን ቅዳሜ እንግዶቹ ፊት ሊያነብ ነበር።»

በዕውቀቱ የላይኛውን የሸሚዝ ቁልፍ ለመፍታት ሞክሮ አቃተው።

«ለምኜው ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ እለፈኝ አልኩት። ፕሮግራሙ የሁሉም ነው፣ ማን ሠራው ምን ያደርጋል አልኩት። እምቢ አለ። በሰው ፊት ስሜን ሊያጠፋው ነበር!»

«የትኛውን ስም? አንተ ያጠፋኸው የእሱን ነው፤ በመጨረሻም እሱን። እኔ ገንዘብ ፈልጎ የገደለ አይቻለሁ፣ በቅናት የገደለ አይቻለሁ። የሰው ላብ ላይ ስሙን ለጥፎ፣ ማይክራፎን ይዞ ሁለት ሰዓት ሊያወራ የገደለ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። ሌባነትህስ ይሁን፣ ኑዛዜው ውስጥ እንኳ ራስህን ሳታሞግስ ማለፍ አቃተህ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ካፒቴን፣ ውሰደው።»

ኦሞት ክንዱን ያዘው። «ያላ፣ እንሂድ፣ ሊቀመንበር» አለ። ሲያልፉ ሒሩት ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ እንዳይነካት ነው።

አስረሳሽ በዕውቀቱን ዞር ብላም አላየችውም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠብቀው።

«ቀሲስ፣ አሁንስ?» አለች።

ቀሲስ ወርቁ ተነሱ። ሽማግሌ ናቸው። «ይቅር በይኝ ልጄ። ወረቀት አምኜ በድያችኋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሙሉ ፍትሐት ይደረግለታል። ስመ ክርስትናው ማን ይባላል?»

ሒሩትና ተሾመ ተያዩ። ሁለት ዓመት አብረውት ሠርተዋል፤ አያውቁም።

«ተክለ ማርያም» አለች አስረሳሽ።

መቃብሩ ላይ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ቀሲስ ወርቁ ጸሎቱን ምንም ሳያሳጥሩ አደረሱት፤ የተክለ ማርያምንም ስም ደጋግመው ጠሩት። ስሙ በተጠራ ቁጥር አስረሳሽ በለሆሳስ «አቤት» ትል ነበር፤ ልጅ ሳለ አፉን እስኪፈታ ድረስ ስሙ ሲጠራ በእሱ ፈንታ የምትመልስለት እሷ ነበረች።